ሰማያዊው አውሮፕላን ወይስ ቀዩ

«ቀዩን አውሮፕላን ቁረጥልኝ ልጄ፤ ብቻ አደራህን፣ ከሷ ጎን እንዳታስቀምጠኝ።»

ልብስ ሰፊዋ ይህን የሰማችው ከመታጠቢያ ቤት ወጥታ፣ ፊቷን በፎጣ እያደረቀች በኮሪደሩ ስታልፍ ነው። የእህቷ በር እንደ ልማዱ ተዘግቷል። ድምፁ ግን ዕድሜ ልኩን የትምህርት ቤት ሰልፍ ሲያሰልፍ የኖረ የዳይሬክተር ድምፅ ነውና በር አያግደውም። ፎጣው ፊቷ ላይ እንዳለ ቀጥ ብላ ቆመች። «ከሷ» የተባለችው ማን እንደሆነች ለማወቅ ጠንቋይ መቀለብ አያሻም። ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁለት ሴቶች ናቸው፤ ሠርጉ ላይ የተጠሩትም እነዚያው ሁለቱ ናቸው። ሦስተኛ ሰው ቢኖር ኖሮ ሰፊዋ በደስታ በዚያ ሰው ታሳብብ ነበር። ድመት እንኳን የላቸውም።

የሚያገባው የሟች ወንድማቸው ልጅ ነው። እናትም አባትም ሆነው ያሳደጉት እነሱ ናቸው፤ አንዷ ሱሪውን እያሳጠረችለት፣ አንዷ የቤት ሥራውን እያስደገመችው። አድጎ አትላንቲክን ተሻግሮ ሄደ፣ ተማረ፣ ሥራ ያዘ፣ አሁን ደግሞ «ሁለታችሁም ካልመጣችሁ ሠርግ የሚባል ነገር የለም» ብሎ ቁርጡን ነገራቸው። የቲኬቱን ዋጋ እሱ ይችላል፤ አውሮፕላኑን ግን እናንተ ምረጡ አላቸው። ባይላቸው ይሻል ነበር! ሁለት አየር መንገድ አቀረበላቸው፤ ስማቸው አፍ ላይ አልገባ ስላለ አክስቶቹ በጭራቸው ቀለም ሰማያዊውና ቀዩ ብለው ጠሯቸው። ሰማያዊው ማታ ተነሥቶ፣ ሌሊቱን ሙሉ ውቅያኖሱ ላይ በርሮ፣ የትም ሳይቆም ጠዋት ያደርሳል። በመስኮት በኩል ወንበሩ ሁለት ሁለት ነው። ቀዩ ትንሽ ይረክሳል፤ ገና ጎህ ሲቀድ ይነሣል፣ መሐል መንገድ ላይ አውርዶ ግማሽ ቀን ያስጠብቃል፣ ሌላ አውሮፕላን ላይ ያሳፍርና ባሕሩን በጠራራ ፀሐይ ያቋርጣል። ወንበሩ ሦስት ሦስት ነው፣ ጉልበት መዘርጊያም የለውም። ጤነኛ ሰው ሰማያዊውን ይመርጣል። ዳይሬክተሯ ግን «ቀዩ» አለች። ለምን ሲሏት «ቀዩ ይሻላል ብያለሁ» ትላለች፤ በዚህ ላይ ደወል ቢደወል ሁሉም ወደ ክፍሉ የሚገባ ይመስላል።

አሁን ነገሩ ገባኝ አለች ሰፊዋ በሆዷ። ቀዩ ላይ ሰው ይበዛል፣ ወንበሩ ይበታተናል፣ ከኔ መራቅ ይመቻታል። ሆድ ባሳት፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ፎጣው እዚያው ስለነበረ ጠቀማት።

እንዲህ የሆኑት ደግሞ ድሮ አይደለም። እስከ የዛሬ ሁለት ዓመት ድረስ እኮ አንድ ክፍል ነበር የሚተኙት። ሁለት አልጋ፣ መሐሉ ላይ አንዲት ትንሽ መደርደሪያ። መብራት ከጠፋ በኋላ ነበር የቤቱ ወሬ የሚጀመረው። ዳይሬክተሯ ቀን ቀን ስትቆጣ ውላ ማታ የተቆጣቻቸውን መምህራን አንድ በአንድ ድምፃቸውን እያስመሰለች ታመጣቸዋለች፤ ሰፊዋ «በቃሽ እትዬ፣ ልሞት ነው!» እያለች ትራሷን ትነክሳለች፤ ጎረቤት ግድግዳ ይደበድባል። ከዚያ ዳይሬክተሯ «ምርመራ አለብኝ» ብላ ሌላ ከተማ ሄዳ ወር ያህል ቆየች፤ ስትመለስ «ደህና ነኝ፣ ምንም የለብኝም» አለች፤ በዚያው ቀን ትራሷን ይዛ ዕቃ ቤት ወደነበረችው ክፍል ገባች። ከዚያ ወዲህ በሯን ቆልፋ ትተኛለች። ምግቧን ይዛ ገብታ ለብቻዋ ትበላለች። ሰው ቢያስቃት እንኳን መሐረቧን አፏ ላይ አድርጋ በትከሻዋ ብቻ ነው የምትስቀው። ሰፊዋ አንድ ቀን ደፍራ «ምን አድርጌሽ ነው?» ብትላት «ምንም፤ እንቅልፌ ቀላል ሆነ» አለቻት። ሰፊዋ ኃጢአቷን ቆጠረች፦ የስፌት መኪናው ይጮኻል፣ ታንኮራፋለች፣ ወሬ ታበዛለች። መጨረሻ ላይ «አስጠላኋት» ብላ ደመደመች። ስለዚህ ጉዞ ሲነገር ልቧ ጮቤ የረገጠው ለሠርጉ ብቻ አልነበረም፤ አውሮፕላን ላይ የሚቆለፍ በር የለም፣ ሌሊቱን ሙሉ ትከሻ ለትከሻ ናቸው፣ እህቴን እዚያ ሰማይ ላይ አገኛታለሁ ብላ ነበር። እና ይኸው።

ቁርስ ላይ ነገር በሆዷ ይዛ ተቀመጠች። ዳይሬክተሯ ቆማ ሻይዋን ታማስላለች፤ ሳህኗን ይዛ ልትገባ ነው።

«ልጁ ደወለ እንዴ?»

«ደወለ። ዋጋው እስከ ዛሬ ማታ ነው የሚቆየው፣ ከሰዓት ስደውል ቁርጡን ንገሩኝ አለ።»

«አንቺስ ምን አልሽው?»

«ቀዩን።»

«ስለ መቀመጫውስ?»

ማንኪያው ከዳይሬክተሯ እጅ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። «መቀመጫ መቀመጫ ነው» አለችና ሳህኗን ይዛ ገባች። ቁልፉ ሁለቴ ዞረ።

«አይ አንቺ!» አለች ሰፊዋ ለተዘጋው በር። «መቀመጫ መቀመጫ ነው? ቆይ አሳይሻለሁ!» ምን እንደምታሳያት ግን አላወቀችም። የፊተኛው ክፍል የስፌት ቤቷ ነው፤ መኪናው ላይ የአንድ ተማሪ የደንብ ልብስ ሱሪ አንድ እግሩ ተሰፍቶ አንዱ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ልትቀጥል ቁጭ አለች፤ ያልተሰፋውን እግር ትታ የተሰፋውን ደግማ ሰፋችው። ሱሪውን ወዲያ ጣለችው። ጨርቄን ማቄን ሳትል ጥሩ ካፖርቷን ለበሰች፣ የከንፈር ቀለሟን ተቀባች፣ «እኔም ለብቻዬ እቆርጣለሁ፣ በሰማያዊው! እሷ በቀዩ ትንገላታ!» ብላ ወጣች። አንገቷ ላይ የልብስ መለኪያ ሜትሯ እንደተንጠለጠለ ነው፤ ያየችው የቲኬት ቢሮው ደረጃ ላይ ስትደርስ ነው።

ቢሮው ከመድኃኒት ቤቱ በላይ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ጠረጴዛው ላይ አንድ የአውሮፕላን ሞዴል ቆሟል፤ ክንፉ ተሰብሮ በቁስል ፕላስተር ተለጥፏል፤ ይህ ደንበኛን እንደማያበረታታ ለማንም የታየው የለም። ቲኬት ቆራጯ እስክሪብቶዋን ፀጉሯ ውስጥ ሰክታ ያንኑ እስክሪብቶ ጠረጴዛው ላይ ትፈልጋለች።

«የሰማያዊው ወንበር ወርዱ ስንት ነው?» አለች ሰፊዋ ሳትቀመጥ።

«ምኑ እናቴ?»

«ወርዱ ነዋ! እኔ ደንበኛ ሳልለካ ጨርቅ ቆርጬ አላውቅም። እናንተ ሳትለኩ ነው እንዴ የምትቆርጡት?»

ልጅቷ ሳቀችና ከመሳቢያዋ ሥዕል ያለባቸው ሁለት ወረቀቶች አወጣች፤ የሁለቱም ወንበር ወርድ፣ ከወንበር እስከ ወንበር ያለው ክፍተት፣ ሁሉም ተጽፎበታል። ሰፊዋ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። የቀዩን ወርድ ስታይ «ይሄ ወንበር ነው ወይስ የእጅጌ ቀዳዳ?» አለች። ብርድ ልብስስ ይሰጣሉ ብላ ጠየቀች። ልጅቷ «ሰማያዊው ይሰጣል፣ ቀዩ ግን ይሸጣል» አለቻት። ሰፊዋ «ይሸጣል? ሰማይ ላይ ሱቅ ከፍቷል?» ስትል ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ጋዜጣቸውን አጥፈው ወደሷ ዞሩ። ሽንት ቤቱስ? ትራሱስ? ጫማ ማውለቅ ይቻላል? ጎረቤት ካንኮራፋ የሚከሰሰው የት ነው? የዋጋው ልዩነት የሁለት ሙሉ ልብስ ማሰፊያ እንኳን አይሆንም። ለዚህች ብላ ነው ዳይሬክተሯ ጉልበቷን አገጯ ላይ አስደግፋ ባሕር የምትሻገረው? አይደለም፤ ምክንያቱን እኮ ጠዋት በጆሮዋ ሰምታለች።

«ብቻዎን ነው የሚሄዱት?» አለች ልጅቷ።

«ብቻዬን!» አለች፤ ጮክ ብላ ነው ያለችው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ከጎኔ ማን ይቀመጣል?» ብላ ጠየቀች።

«የደረሰዎት ነዋ። ማንም ሊሆን ይችላል።»

ማንም! ደረጃውን ስትወርድ ይህ «ማንም» የተባለ ሰውዬ አብሯት ወረደ። መጀመሪያ ረዥም፣ ጢሙን የከረከመ፣ ሻንጣዋን ብድግ አድርጎ ላይ የሚሰቅልላት ሰው ሆነ። ብርድ ልብሱንም ከፍሎ ገዛላት፤ በሰማያዊው ነፃ መሆኑን ረስታዋለች። ውቅያኖሱ እኩሌታ ላይ ስትደርስ እንቅልፍ ሸለብ አድርጓት ትከሻው ላይ ወደቀች፣ ጠዋት ሲያርፉ ሠርጉ የልጁ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ድርብ ሆነ። ደረጃው ላይ ብቻዋን ስትስቅ ወጪ ወራጁ ዞሮ አያት። መድኃኒት ቤቱ በር ላይ ግን ቆም አለች። ይህን ቅዠት ማታ ከአልጋ ወደ አልጋ ለማን ነው የምታወራው? የምትነግረው ሰው ከሌለ ጢሙን የከረከመውም ሰው ምንም አያስቅም። ቲኬቱን ሳትቆርጥ፣ ወረቀቶቹን ብቻ ይዛ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

የግቢው በር ላይ ጎረቤታቸውን ሹፌሩን አገኘቻቸው። ጋሼ ሹፌሩ አሁን ጡረታ ላይ ናቸው፤ ጉልበታቸው እስኪከዳቸው ድረስ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረዋል። አውሮፕላን ውስጥ ገብተው አያውቁም፤ መንገድ የሚባል ነገር ከተነሣ ግን ከሳቸው በፊት ማንም አይናገርም። ወረቀቶቹን ተቀብለው በክንዳቸው ርቀት ያህል ከዓይናቸው አራቁና አነበቡ።

«ይሄማ በወሬ አይወሰንም» አሉ። «ይሞከራል!»

«ምኑ ጋሼ?»

«አውሮፕላኑ ነዋ! ሜትር አለሽ፣ ጠመኔ አለሽ፣ ወንበር እኔም ቤት አለ። አንቺ ደንበኛ ሳትለኪ ትሰፊያለሽ?»

ሰፊዋ ጠዋት ቲኬት ቆራጯን ያለቻት ይህንኑ ነውና ጠመኔዋን ልትፈልግ ገባች። ከምሳ በኋላ ሹፌሩ በሁለት እጃቸው ወንበር አንጠልጥለው መጡ፤ ሚስታቸው ዳቦ ጋጋሪዋ ሁለት ተሸክማ ተከተለቻቸው። ይህች ሴት የሰፊዋ የልብ ወዳጅ ናት፤ ደረቷም ዳሌዋም እንደ ልቧ ሰፊ ነው፣ ራሷም «ለኔ ጨርቅ ስትገዢ ሁለተኛ ሰው እንዳለ አስቢ» እያለች ትቀልዳለች። ሰፊዋ ተንበርክካ ወለሉ ላይ በጠመኔ አሰመረች፤ ልክ እጀ ጠባብ እንደምትቀድ፣ እዚህ ወርዱ፣ እዚህ የጉልበቱ ክፍተት፣ እዚህ መተላለፊያው። የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛዋ የምግብ ጋሪ ሆነ። በዚህ ግርግር መሐል ያ በር ተከፈተ፤ ዳይሬክተሯ መሐረቧን እንደያዘች ብቅ አለች።

«ምንድን ነው ይህ?»

«አውሮፕላን ነው እትዬ» አለች ሰፊዋ ቀና ሳትል። አኩርፋለች፤ ግን ደግሞ አፏ ላይ ጠመኔ ይዛ ማኩረፍ አይመችም።

ዳይሬክተሯ ተመልሳ ልትገባ ፈለገች። ይሁንና ወንበሮቹ ጠማማ ነበሩ፤ ጠማማ ወንበር አይታ ማለፍ ደግሞ ከአቅሟ በላይ ነው። «ይሄኛው ወደ ግራ... ወደ ግራ ብያለሁ!» እያለች አስተካከለች፤ ሳታስበው ገብታ ቀረች።

መጀመሪያ ቀዩ ተሞከረ። ሦስት ወንበር ተጠጋግቶ ዳቦ ጋጋሪዋ መሐል ገባች፣ እህትማማቾቹ ግራና ቀኝ። ሹፌሩ «በሩን ዝጉ!» ብለው ሳይጨርሱ ሰፊዋ ከመስመሩ ውጪ ተገፍታ መተላለፊያው ላይ ተገኘች። ተመልሳ ስትገባ ዳይሬክተሯ በወዲያ በኩል ወጣች። ዳቦ ጋጋሪዋ በመሐላቸው «እኔ ምን አደረግሁ? ትንፋሼን እኮ ይዣለሁ!» ትላለች። ሰፊዋ በዳቦ ጋጋሪዋ ደረት ላይ አሻግራ እህቷን አየቻት። ጉልበቷ ፊተኛው ወንበር ላይ ተለጥፏል፣ ክርኗ ማረፊያ አጥቷል፤ ፊቷ ግን እንደ ሰልፍ ሜዳው ቀጥ እንዳለ ነው።

«በጣም ጥሩ ነው» አለች ዳይሬክተሯ። «ቀዩ ይሁን።»

«እንዴት ያለ ጥሩ ነው የኔ እመቤት!» አሉ ሹፌሩ። «ይሄንንማ በግ ሲጭኑ እንኳን አይተን አናውቅም!»

«ቀን ነው የሚበረው። ሰው መጓዝ ያለበት በቀን ነው፤ ሌሊት የመተኛ ሰዓት ነው።»

«ታዲያ ሰማያዊው ላይ ይተኛላ!»

ዳይሬክተሯ መሐረቧን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ግድግዳው አየች። ሰፊዋ «ከኔ ጎን ላለመቀመጥ ይህን ሁሉ ትችላለች» አለች በልቧ።

«እንግዲህ ደንብ ነው፣ ሰማያዊውም ይሞከራል» አሉ ሹፌሩ። መጋረጃው ተጋረደ፣ መብራቱ ጠፋ፣ ክፍሉ በቀን ሌሊት ሆነ። ሁለት ወንበር ብቻ ቀረ፤ ሰፊዋና ዳይሬክተሯ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ትከሻቸው ተነካካ። ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ ሰፊዋ የእህቷን የሳሙና ሽታ አወቀችው፣ ኩርፊያዋም ሳታዝዘው ላላ። ሹፌሩ ፊት ለፊት ጀርባቸውን ሰጥተው የሳህን ክዳን እንደ መሪ ጨበጡ። ዳቦ ጋጋሪዋ ከኋላ የመተኮሻ ጠረጴዛውን እየገፋች «ውኃ፣ ለስላሳ፣ ዳቦ! ዳቦው የኔ ነው፣ አደራ እንዳታሙት!» ትላለች። ሹፌሩ ጉሮሯቸውን ጠራርገው «ክቡራንና ክቡራት ተሳፋሪዎች» ብለው ጀመሩ፤ ስለ ከፍታው፣ ስለ ደመናው፣ በስተግራ በኩል ስለሚታዩት ዓሣ ነባሪዎች በጨዋ ደንብ ተናገሩ። ከዚያ የዘመናት ልማድ አሸነፋቸውና፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ መሐል፣ በጨለማ፣ አንገታቸውን ወደ ኋላ መለስ አድርገው ጮኹ፦

«ወራጅ አለ?»

ዳቦ ጋጋሪዋ የመተኮሻ ጠረጴዛው ላይ ተደፋች። ሰፊዋ እንባዋ መጣ። ዳይሬክተሯ መሐረቧን አፏ ላይ ጫነች፣ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፣ ያዘችው፣ ያዘችው፣ ከዚያ ግን መሐረቡ ከእጇ አመለጠና ድሮ ጎረቤት ግድግዳ ያስደበደበው ያ ሳቅ ከሆዷ ፈንድቶ ወጣ። በዚያው ቅጽበት የሰፊዋ ጭን ላይ አንድ ነገር ጠብ አለ። መርፌም መቀስም ከእጇ ሲያመልጥ ሽርጧን ዘርግታ መቀለብ ለምዳለችና ሳታስበው ቀለበችው። አዝራር መሰላት። አዝራር አይደለም። በጣቷ ዳበሰችው፤ ሞቅ ያለ ነው፣ ርጥብ ነው፣ ጎበጥ ብሎ ባንድ በኩል በተርታ ተደርድሯል።

የላይኛው ጥርስ ነው። ሙሉው። ሰው ሠራሽ።

ዳይሬክተሯ ሳቋን ቀጥ አድርጋ እጇን ወደ ወለሉ ሰድዳ ትዳብሳለች። ትንፋሿ ይሰማል። አላወቀችም፤ የት እንደወደቀ አላወቀችም። ሹፌሩና ሚስታቸው ገና በሳቅ እየፈረሱ ስለሆነ ምንም አላዩም። ሰፊዋ እጇን ሽርጧ ውስጥ እንዳደረገች ቀረች። የዚያ ወር «ምርመራ» ገባት። ትራሱ ለምን እንደወጣ ገባት፤ ማታ ማታ ማውለቅ አለባታ! የሚቆለፈው በር፣ ለብቻ የሚበላው ምግብ፣ የጠፋው ሳቅ፣ ሌሊት የሚያስተኛው ሰማያዊ አውሮፕላን፣ ሁሉም ባንዴ ገባት። ይህች የትምህርት ቤት ሙሉ መምህር የሚፈራት ሴት ታናሽ እህቷ ፊት ባዶ አፏን ማሳየት አፍራ ሁለት ዓመት ሙሉ ዕቃ ቤት ውስጥ ብቻዋን ተኝታለች። «አስጠልቻት አይደለም» አለች ሰፊዋ በሆዷ፤ መጀመሪያ ደስ አላት፣ ቀጥሎ አሳዘነቻት፣ ቀጥሎ ደግሞ፣ ምን ይደረግ፣ ሳቋ መጣ።

ስልኩ የጮኸው ያኔ ነው። ሹፌሩ «ዋና አብራሪው ነኝ!» ብለው አነሡት፤ የልጁን ፊት ስክሪኑ ላይ ሲያዩ ስልኩን የስፌት መኪናው ላይ አስደግፈው አቆሙት። «በጨለማ ምን ታደርጋላችሁ?» አለ ልጁ። ሹፌሩ «ላብራ፣ ላብራ» እያሉ ወደ ማብሪያው ሄዱ።

«እንዳይበራ!» ብላ ጮኸች ሰፊዋ። «ገና አላረፍንም!»

ሹፌሩ ደንግጠው እጃቸውን ሰበሰቡ። ዳይሬክተሯ ፊቷን ወደ መጋረጃው አዙራለች።

«እሺ አክስቶቼ፣ ላስይዝ ነው» አለ ልጁ። «የቱን ልበል? እትዬ ቀዩን ብላለች። ደግሞ እትዬ፣ ጠዋት እንዳልሽኝ ነው? ከአክስቴ ለይቼ ላስቀምጥሽ?»

ሹፌሩ የሳህን ክዳናቸውን መረመሩ። ዳቦ ጋጋሪዋ የመተኮሻ ጠረጴዛውን ማንም ሳይጠይቃት ማጠፍ ጀመረች። ሁሉም ወደ ዳይሬክተሯ ጀርባ አየ፤ እሷ ደግሞ አፏን ልትከፍት አትችልም። መልሷ የሰፊዋ ሽርጥ ውስጥ ነው። ሰፊዋ ጠዋት እዚያ ኮሪደር ላይ ፎጣ ይዛ ስታለቅስ እንዲህ ያለ ሰዓት ቢሰጣት ኖሮ ምን እንደምታደርግ ታውቃለች፤ «ምን ትይዋለሽ እትዬ? ንገሪው እንጂ!» ብላ ታፋጥጣት ነበር። የእህቷ እጅ ግን አሁንም ወለሉ ላይ ነበር፤ ጠመኔው መስመር ላይ፣ ያለ ድምፅ፣ እንደ ሕፃን ይፈልጋል።

«ቆይ ልጄ፣ እትዬ እያሰበች ነው» አለች ሰፊዋ። ጎንበስ አለች፣ ያንን እጅ ያዘች፣ በሽርጧ ጫፍ የጠራረገችውን ጥርስ መዳፏ ውስጥ አስቀምጣ ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፈችላት። እጁ የሰፊዋን እጅ አልለቅ ብሎ ጠበቅ አደረገው። ከዚያ ዳይሬክተሯ ወደ መጋረጃው ጠጋ ብላ እጇን ወደ አፏ ወሰደች፤ አንድ ጊዜ ጉሮሮዋን ጠረገች። ስትዞር ድምፅዋ የሰልፍ ሜዳው ድምፅ ነበር፤ ትንሽ ይርገበገባል እንጂ።

«ጠዋት ያልኩህን ተወው። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት፤ እህቴ ጥፋት የለባትም። ሰማያዊውን ቁረጥልን፣ ጎን ለጎን።»

«የሌሊቱን? እርግጠኛ ነሽ እትዬ?»

«ሌሊቱን!»

«መስኮቱስ ለማን ይሁን?»

«ለኔ!» አሉ ሁለቱም እኩል። ዳይሬክተሯ የታላቅነት መብቷን ጠቀሰች፤ ሰፊዋ ሽንት ቤት የምትመላለሰው ማን እንደሆነች በጉባኤ ፊት ጠየቀች፤ ሹፌሩ «በአውቶቡስ ቢሆን መስኮት መጀመሪያ ለደረሰ ነው» ብለው ፍርድ ሰጡ፤ ልጁ ከባሕር ማዶ «ኧረ ዋጋው ሊያልፍብኝ ነው!» ብሎ ለመነ። በመጨረሻ ዳይሬክተሯ «ለሷ ስጣት፤ ወደ ውጪ ስታይ ትንሽ ዝም ትል ይሆናል» አለች። ዝም እንደማትል ሁሉም ያውቃል። ልጁ «ተቆረጠ!» ሲል ዳቦ ጋጋሪዋ መብራቱን ቦግ አደረገችው፣ ሹፌሩን አቅፋ መተላለፊያው ላይ አስጨፈረቻቸው፤ የጠመኔው መስመር በጫማቸው ተደመሰሰ፣ ወንበሩም ወደየቤቱ ተመለሰ።

ማታ ሰፊዋ ያንን ባንድ እግሩ የቀረ ሱሪ ጨርሳ ወደ መኝታ ክፍሏ ገብታ ነበር፤ ደግማ የሰፋችውን ፈትታ፣ ያልተሰፋውን ሰፍታ። በሩ ተንኳኳ። ይህ በር ከሁለት ዓመት ወዲህ በእህቷ እጅ ተንኳኩቶ አያውቅም። ዳይሬክተሯ ቆማለች፤ በብብቷ ትራሷን ይዛለች፣ በሌላው እጇ ውኃ ያለበት ብርጭቆ።

«ልምምድ ነው» አለች ወደ ግድግዳው እያየች። «ሌሊት ጎን ለጎን ለመተኛት ልምምድ ያስፈልጋል። ባንዴ አይቻልም።»

«ግቢያ እትዬ። በሩን ይዘሽ ትቆሚያለሽ እንዴ?»

ገባች። ባዶው አልጋ ላይ ትራሷን አስተካከለች፣ ብርጭቆውን መሐል ያለችው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠች፣ ተቀመጠች፣ ተነሣች፣ እንደገና ተቀመጠች።

«ዘወር በይ» አለች።

ሰፊዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከጀርባዋ ብርጭቆው ውስጥ አንድ ነገር ጠብ ሲል ሰማች። ከዚያ የአልጋው ሽቦ ጮኸ፣ ብርድ ልብሱ ተሳበ፣ መብራቱም ጠፋ።

«እንቅልፍ ወስዶሻል?» አለች ዳይሬክተሯ።

«ኧረ እኔን ምን ያስተኛኛል። ዛሬ እዚያ ቲኬት ቢሮ ደረጃ ላይ ምን የመሰለ ሰውዬ እንዳሰብኩ ብነግርሽ...»

«ንገሪኝ እስቲ» አለች እህቷ።